28፣ 6፣ 24፣ 5፣ 24

ኤርፖርት ተራ ላይ ነኝ። ከፊቴ ሠላሳ የሚሆን ታክሲ ተሰልፏል፤ ስለዚህ ዛሬም ረዘም ልል ነው። የቸኮለ ሰው ለማታ ያቆየው።

ጉዳዩ ያው የራንድል ጉዳይ ነው። ቲምበርዎልቭስ ራንድልን ለ3 ዓመት በ100 ሚሊዮን ዶላር ሊያስቀረው መስማማቱ ከተሰማ ወዲህ እዚህ ተራ ላይ ስለ ሌላ ነገር የሚያወራ ጠፋ። ሶማሌውም፣ ኤርትራዊውም፣ የኛም ሰው እኩል ነው የሚጮኸው። "ለፈሪ መቶ ሚሊዮን!" ይላል አንዱ። "ሜይ ላይ የት ነበር?" ይላል ሌላው። ጋሼ የምንላቸው፣ ከሁላችንም በፊት ወደዚህ አገር የመጡ ሹፌር ደግሞ መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው "ልጁ ጎበዝ ነው፤ ልብ ግን የለውም" ብለው ፈረዱና መስኮቱን መልሰው ዘጉ። ይግባኝ የለም።

እኔ ግን ይግባኝ አለኝ።

መጀመሪያ ቁጥሩን ላስታውሳችሁ። ከኦክላሆማ ሲቲ ጋር በተደረጉት አምስት የምዕራብ ፍጻሜ ጨዋታዎች ጁሊየስ ራንድል ያስቆጠረው 28፣ 6፣ 24፣ 5፣ 24 ነው። ደምራችሁ ለአምስት ብታካፍሉት 17.4 ይመጣል። በመደበኛው የውድድር ዘመን አማካዩ 18.7 ነበር። በአማካይ ከሄድን ሰውየው ምንም አልሆነም ማለት ነው። ታርጌት ሴንተር ገብቶ ያየም፣ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ያየም ሰው ግን ምንም አልሆነም አይላችሁም።

አገር ቤት ሳይት ላይ ስሠራ እንዲህ ያሉ ቁጥሮች በየሳምንቱ ጠረጴዛዬ ላይ ይመጡ ነበር። ኮንክሪት ሲሞላ 15 በ15 የሆነ ኪዩብ እንቀርጻለን፤ 28 ቀን ውሃ ውስጥ ይቀመጥና ላቦራቶሪ ሄዶ ይጨፈለቃል። ሲ-25 አዝዘህ 28፣ 6፣ 24፣ 5፣ 24 ሜጋፓስካል የሚል ወረቀት ቢመጣልህ አማካይ አታወጣም። ሕንፃ የሚወድቀው በአማካዩ ሳይሆን በ5ቷ ነው። እዚህ ድረስ ከተራ ጓደኞቼ ጋር እስማማለሁ፤ 5 ነጥብ 5 ነጥብ ነው።

የምንለያየው ከዚያ በኋላ ነው። ልምድ ያለው መሐንዲስ 5ቷን እንዳየ "ሲሚንቶው ሌባ ነው" ብሎ አይነሳም። ኪዩቡን የሞላው ልጅ በደንብ ጠቅጥቆታል ወይ? ውሃ ውስጥ ሰንብቷል ወይስ ፀሐይ ላይ ተረስቷል? ብሎ ይጠይቃል። ያው ቅልቅል 28ም 24ም ሰጥቷል እኮ! መጥፎ ሲሚንቶ 28 አይሰጥም። ልብ የሌለው ሰውም 6 ነጥብ አግብቶ፣ አራተኛውን ሩብ በሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ካመሸ ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሶ 24 አያስቆጥርም። ራንድል ከዝቅተኛ ነጥብ ተመልሶ 24 ማስቆጠሩን በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ አድርጎታል።

አሁን ወደ 2024 ልመልሳችሁ። ያኔም የምዕራብ ፍጻሜ ደርሰን ነበር፤ ከዳላስ ጋር። ከኤድዋርድስ ጎን የነበረው ሰው ካርል-አንቶኒ ታውንስ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ጨዋታዎች 54 ጊዜ ወርውሮ 15 አገባ። ከሦስት ነጥብ መስመር ውጪ 22 ወርውሮ 3 አገባ። ምን ስንል እንደነበር ታስታውሳላችሁ? "ለስላሳ ነው፣ ልብ የለውም፣ ይሸጥ!" አራተኛው ጨዋታ ላይ ዳላስ ሄዶ 25 አስቆጥሮ አሸነፍን፤ አምስተኛው ላይ 28 አስቆጥሮ ተሸነፍን። 4 ለ 1 አለቀ። በመስከረም መጨረሻ እሱን ለኒውዮርክ ሰጥተን ራንድልንና ዲቪንቼንዞን አመጣን። በዓመቱ እዚያው ደረጃ ላይ ደረስን፣ እዚያው 4 ለ 1 ተሸነፍን፣ ጋሼም ያችኑ ቃል ደገሟት።

አዲስ አበባ አንድ ሕንፃ ላይ አንድ ቢም መሐሉ ላይ ተሰነጠቀብን። ፎርማኑ ግንበኛውን ሰደበ፤ አፍርሰን እንደገና ሞላነው። እንደገና እዚያው ቦታ ተሰነጠቀ። ሁለተኛ ጊዜ ግንበኛው ከመሰደቡ በፊት ሶሌታው ላይ ወጥተን ብናይ፣ ፕላኑ ላይ የሌሉ ሦስት ባለ 10 ሺህ ሊትር ሮቶዎች ልክ በቢሙ ወገብ ላይ ተደርድረዋል። 30 ቶን ውሃ። ሁለት የተለያዩ ቢሞች አንድ ቦታ ላይ ሲሰነጠቁ ወደ ላይ ማየት ይሻላል።

እዚህ ላይ ሮቶው ምንድን ነው? ኤድዋርድስ ሲታሰር ከጎኑ ያለው ሰው የሚሸከመው ነገር ነው። ኦክላሆማዎች የሠሩትን አስቡ። የመጀመሪያው ጨዋታ ግማሽ ላይ ራንድል 20 አስቆጥሮ ነበር። ከእረፍት በኋላ 8። በእረፍቱ ልቡን አልሰረቁትም፤ ትከሻውን አስገብቶ ሊገፋ ሲል ሁለተኛ ሰው ቀድሞ ይመጣለታል፣ ቀለበቱ ሥር ደግሞ ሆልምግሬን ወይም ሃርተንስታይን ቆሟል። ሌከሮች ይህን ማድረግ አልቻሉም፣ ረጅም ሰው አልነበራቸውም፤ በእነሱ ላይ በአማካይ 22.6 አስቆጠረ። ዋሪየርሶች ላይ 25.2። ያን ሰሞን እኮ "ራንድል ንጉሥ ነው" እያልን ለተሳፋሪ ሁሉ የምንሰብከው እኛው ነበርን።

ለኔ ክርክር የማይመች ነገር አለ፤ አልደብቅም። በ2021 ኒውዮርክ ሳለ፣ ራሱ አንደኛ ሰው ሆኖ፣ አትላንታ ላይ ከወረወረው 30 በመቶ እንኳ አላገባም። ያን ዓመት የሊጉ ከፍተኛ መሻሻል ያሳየ ተጫዋች ተብሎ የተሸለመው እሱ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ደጋፊው ሲጮህበት አውራ ጣቱን ወደ ታች አሳያቸው፤ ለጋዜጠኞች በተናገረውም 25 ሺህ ዶላር ተቀጣ። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ጭነት ነው ብዬ አልምልም። ሰውየው ሲከበብ ቀለበቱን ማየት የማቆም አመል አለው።

ይህን ያየሁት አራተኛው ጨዋታ ላይ ነው። ሜይ 26፣ ሜሞሪያል ደይ፣ ታርጌት ሴንተር። 128 ለ 126 ተሸነፍን። ሁሉም ሰው ስለ 5ቷ ነጥብ ያወራል፤ እኔን ያሳመመኝ ሌላ ቁጥር ነው። ራንድል የወረወረው 7 ጊዜ ብቻ ነው። በሁለተኛው ጨዋታ 11 ወርውሮ 9 ሳተ፤ ይሁን፣ መሳት ያለ ነው። 7 ግን መሳት አይደለም። ደግሞ የሚገርመው ኳሱን ያቀበለበት ምክንያት ሁልጊዜ ነበረው፤ ሁለት ሰው ሲመጣበት አንድ ጓደኛው ነፃ ይሆናላ። አሌክሳንደር-ዎከር 23፣ ማክዳንየልስ 22፣ ዲቪንቼንዞ 21 አስቆጠሩ። አንድ በአንድ ካያችሁት ቅብብሉ ሁሉ ትክክል ነበር። ድምሩ ነው 7 ውርወራና የሁለት ነጥብ ሽንፈት።

ያን ምሽት ከስታዲየሙ አካባቢ አባትና ልጅ ጭኜ ወደኛው ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ወሰድኩ። ልጁ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው፤ የራንድልን ማሊያ ለብሶ ያለቅሳል። አባትየው "ሰውየው ፈርቷል፣ ሌላ ምንም አይደለም" አለው። እኔ ዝም አልኩ። 494ን ይዤ የሚኒሶታ ወንዝን ድልድይ እስክሻገር ድረስ ዝም አልኩ፤ ቲፕ ስለምፈልግ ብቻ ግን አልነበረም።

የማታውቁት ነገር ልንገራችሁ። ተራ ላይ "ኢንጂነሩ" ትሉኛላችሁ፤ ግማሹ አክብሮት ግማሹ ቀልድ ነው፣ አውቀዋለሁ። ኤፍኢ የሚባለውን የመሐንዲሶች ፈተና ከስድስት ዓመት በፊት ተፈትኜ ወደቅሁ። ይህን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። የማታውቁት ሁለተኛውን ነው። ተመዝግቤ፣ ከፍዬ፣ ቀኑ ሲደርስ አልሄድኩም። ፈርተህ ነው ብትሉኝ እጣላችኋለሁ። ያን ሳምንት የሁለተኛዋ ልጄ የትምህርት ቤት ጉዳይ ነበር፣ የመኪናው ኢንሹራንስ ደርሶ ነበር፣ ቅዳሜ ደግሞ ዋናው የሥራ ቀን ነው። እያንዳንዱ ምክንያት ትክክል ነበር። ባለቤቴም "ልክ ነህ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ትክክለኛ ምክንያት አላጣሁም። በወደቅሁበት ፈተና አላፍርም፤ ያልሄድኩበትን ግን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ስለዚህ ሰውን ከሩቅ አይቶ "ልብ የለውም" ማለት ይከብደኛል። ይህ አነጋገር ከየት እንደመጣብንም አስባለሁ። እኛ በሩጫ ያደግን ሕዝብ ነን። በሩጫ ከኋላ መጥቶ ሁለት ሆኖ የሚከብህ የለም፤ መንገዱና አንተ ናችሁ፣ ስለዚህ ሁሉን ነገር በልብ እንለካዋለን። በሩጫም ቢሆን ስንት ጊዜ ተሳስተናል! ቀነኒሳ በ2017 በርሊን ላይ አቋረጠ፣ በ2018 አምስተርዳም ላይ መጨረሻው ሲቃረብ አቋረጠ። "አለቀለት፣ ወኔው ሞቷል" ያላለ ማን አለ? እኔ ራሴ ብያለሁ። በሴፕቴምበር 2019 እዚያው በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ገባ፤ ከኪፕቾጌ የዓለም ክብረ ወሰን 2 ሰከንድ ብቻ ዘግይቶ። በ2024 ደግሞ በ41 ዓመቱ ለንደን ላይ ሁለተኛ ወጣ። ወኔው ሞቶ ከሆነ ማን ነው የሮጠው?

ወደ መቶ ሚሊዮኑ ልመለስ፣ ተራው መንቀሳቀስ ጀምሯል። እኔ በበኩሌ ውሉ ትክክል ነው ባይ ነኝ። አሌክሳንደር-ዎከር ወደ አትላንታ ሄዷል፤ ራንድልም ቢሄድ ኖሮ ሦስተኛ ቢም ልንሞላ ነበር፣ ሮቶዎቹ ከላይ እንዳሉ። ሥራው የፊንች ነው። አሠልጣኙ ሰውየውን ከኒው ኦርሊንስ ጀምሮ ያውቀዋል። ሁለተኛው ተከላካይ ከመድረሱ በፊት ኳሱን ይስጡት፤ ቆሞ እየገፋ ሳይሆን እየሮጠ ይቀበል። በሦስተኛው ጨዋታ የመጀመሪያውን ሩብ 34 ለ 14 ስንመራ ያየነው ይኸው ነበር፤ 143 ለ 101 ነው ያለቀው፣ ረሳችሁት እንዴ?

ጋሼ፣ ይህን እንደሚያነቡት አውቃለሁ፤ ልጅዎ ያነብልዎታል። ኦክቶበር ላይ ሊጉ ሲጀመር እኔ ነጥቡን አልቆጥርም። የሚወረውረውን ነው የምቆጥረው። በጨዋታ ከ12 በታች ከወረወረ ደውሉልኝ፤ መስኮቴን ዝቅ አድርጌ አብሬዎት እሰድበዋለሁ። በሉ፣ ተራዬ ደረሰ፤ ሻንጣ የያዙ ሰዎች እየጠበቁኝ ነው።