ወደ ተራራው ስንወጣ ካርዱንም እንያዝ



አሽቀሎን የባሕር ዳር ከተማ ናት፤ ከአሸዋ ክምር በቀር ተራራ የላትም። ይሁን እንጂ እኛ ቤተ እስራኤሎች ተራራ መውጣትን ከማንም የምንማር ሰዎች አይደለንም። በጎንደር፣ በአምቦበር አካባቢ፣ አባቶቻችንና እናቶቻችን በስግድ ዕለት ነጭ ለብሰው፣ ጾመው፣ ድንጋይ ተሸክመው ተራራ ይወጡ ነበር። ቄሶች ኦሪቱን ያነባሉ፣ ሕዝቡ ይሰግዳል፣ ከቀትር በኋላ ተወርዶ ጾሙ ይፈታል። ዛሬም ሔሽቫን 29 ቀን ሲደርስ በአውቶቡስ ተሳፍረን ኢየሩሳሌም፣ አርሞን ሃናጺቭ እንወጣለን። ክኔሴትም እ.ኤ.አ. በ2008 ስግድን በሕግ የአገር በዓል አድርጎታል።

ስለ ተራራ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በመጋቢት 2022፣ የዓለም የኩላሊት ቀን በሚከበርበት ዕለት፣ እያንዳንዳቸው አንድ ኩላሊታቸውን ለሌላ ሰው የሰጡ አሜሪካውያን ተሰባስበው ኪሊማንጃሮ ጫፍ ላይ ወጡ። ከፍታው 5,895 ሜትር ነው። ሊያሳዩ የፈለጉት ነገር ግልጽ ነበር፦ ኩላሊት የሰጠ ሰው በቀረው በአንዱ ይኖራል፣ ይሠራል፣ ተራራም ይወጣል። በእኛ መካከል ግን «አንዱን ከሰጠ ሰውነቱ ይደክማል፣ ሥራ አይችልም» የሚል ወሬ ገና አልጠፋም። ሐኪሞች ሰጪውን ከላይ እስከ ታች ሳይመረምሩ እንደማይቀበሉ፣ ሰጪው ተገዶ ወይም ገንዘብ ተቀብሎ እንዳይሆን የሚያጣራ ኮሚቴም በሕግ እንዳለ የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ኩላሊቱ የደከመ ሰው ኑሮ ምን እንደሚመስል ግን ብዙዎቻችን በቤታችን አይተናል። በሳምንት 3 ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን 4 ሰዓት ያህል፣ ከዲያሊዛ መኪና ጋር ታስሮ መዋል ነው። ውኃ እንኳ ተለክቶ ይጠጣል። የቀረው ቀን ድካም ነው። እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ ከመኪናው የሚያላቅቀው የሌላ ሰው ኩላሊት ብቻ ነው፤ ኩላሊት ደግሞ በሱቅ አይገኝም። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲጀመር የሚሰጡት በሕይወት ያሉ ዘመዶች ነበሩ። እዚህ አገር ግን ከሟች ሰው የሚገኘውም አለ፤ «አዲ» የሚባለው ካርድ የመጣውም ለዚሁ ነው።

ካርዱ ስሙን ያገኘው አዲ ተብሎ ከሚጠራው ከኤሁድ ቤን ድሮር ነው። ወጣቱ ኩላሊት ሲጠብቅ ሞተ፤ ወላጆቹም በ1978 ማኅበሩን አቋቋሙ። ዛሬ ካርዱ በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሥር ባለው በብሔራዊ የንቅለ ተከላ ማዕከል ይመዘገባል። በ2008 የወጣው ሕግ ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር ጨመረ። ካርዱን የፈረመ ሰው፣ እሱ ራሱ አንድ ቀን አካል ቢያስፈልገው በተራው ላይ ቅድሚያ ያገኛል፤ የቅርብ ቤተሰቡም ተጠቃሚ ነው። ቅድሚያው የሚጸናው ግን ከፈረመ 3 ዓመት ሲሞላው ነው። እንግዲህ ወሬው በአማርኛ ያልደረሰው ሰው ሳያውቀው ከሰልፉ ኋላ ይቆማል ማለት ነው። ይህ እኛን የሚያሳስበን ከምንም በላይ ነው።

«ደማችንን የደፉት ሰዎች አሁን ኩላሊታችንን ይፈልጋሉ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። አንነቅፈውም። በጥር 1996 ማጌን ዳቪድ አዶም ከኢትዮጵያ ዓሊም የተለገሰውን ደም ተቀብሎ በስውር ሲደፋ እንደኖረ «ማዓሪቭ» ጋዜጣ አወጣ። ጥር 28 ቀን ሕዝባችን በሺዎች ሆኖ ኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ተሰለፈ፤ ዱላም ጢስም ቀመሰ። በይጽሐቅ ናቮን የሚመራ ኮሚቴ ተቋቋመ። ከዚያ ሁሉ በኋላ እንኳ በታኅሣሥ 2013፣ በክኔሴቱ ግቢ ውስጥ፣ የክኔሴት አባል የነበረችው ፕኒና ታመኖ ሻታ ደም ልትሰጥ ብትቀርብ እንደ ሌላው ሰው አልተቀበሏትም። ኋላ መመሪያው ቢለወጥም የሰው ልብ እንደ ወረቀት በአንድ ቀን አይለወጥም። ስለዚህ ከመንግሥት የምንጠይቀው አለ። ይሁን እንጂ ቂማችን የሚጎዳው ደሙን የደፋውን ባለ ሥልጣን አይደለም፤ በመኪና ላይ ታስራ የምትውለውን የጎረቤታችንን እናት ነው። የአካል ስምምነት በዘር የሚወረስ በመሆኑ፣ በተለይ በመቅኔ ልገሳ፣ ለእኛ ሕመምተኛ የሚስማማው ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከእኛው ወገን ነው። እኛ ካልቀረብን ማን ይቀርብላታል?

ሌላው የሚከብደው የሬሳው ነገር ነው። በአገራችን ሬሳ የነካ ሰው 7 ቀን ከመንደሩ ተለይቶ ይቆይ ነበር። ሬሳን መክፈት ይቅርና መንካት እንኳ ሥርዓት ነበረው። እንዲህ ያደገን ሽማግሌ በአንድ ስብሰባ «ፈርም» ማለት ንቀት ነው። ነገር ግን ሁለት ነገሮች ሊነገሩት ይገባል። አንደኛው፣ ዋናው ራባኑት በ1986 የአንጎልን ሞት በቅድመ ሁኔታ ተቀብሎ የልብ ንቅለ ተከላን ፈቅዷል፤ በ2008 የወጣውም ሕግ ሞቱን የሚያረጋግጡት ሐኪሞች ከንቅለ ተከላው ቡድን ውጭ እንዲሆኑ፣ ምርመራውም በመሣሪያ እንዲረጋገጥ ያዛል። ሁለተኛው ለእኛ የሚበልጠው ነው፦ በካርዱ ቅጽ ላይ «ቤተሰቤ የሚመርጠው የሃይማኖት ሰው ከሞቴ በኋላ ከፈቀደ» የሚል ምርጫ አለ። የሃይማኖት ሰው ሲል ቤተሰቡ ቄሱን ሊጠራ ይችላል። ይህን መስመር በአማርኛ ጮክ ብሎ ያነበበልን ማን ነው?

ሰው ካርድ ቢፈርምም በመጨረሻ ሰዓት የሚጠየቀው ቤተሰቡ ነው። ያ ሰዓት ደግሞ እጅግ መጥፎ ሰዓት ነው። እናት ልጇ ገና ሲተነፍስ እያየች «ሞቷል» ትባላለች፤ የምትባለውም በዕብራይስጥ ነው። አስተርጓሚ ሆኖ የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። አንድ ወጣት ስለ ወንድሙ ልብ ለእናቱ እንዲተረጉም ማድረግ ጭካኔ ነው እንላለን። በባርዚላይም ሆነ ሰዎቻችን በሚተኙበት በማንኛውም ሆስፒታል፣ በዚያች ሰዓት አማርኛና ትግርኛ የሚናገር የሠለጠነ ሰው እንዲጠራ እንጠይቃለን።

ቄሶቻችንንም በአክብሮት እንለምናለን፤ ተሰብስባችሁ ተነጋገሩበት፤ ፍቀዱም ከልክሉም፣ ግን ቃላችሁን አሰሙን። ማኅበራችንን የምትረዱ ወጣቶች ደግሞ በመጪው ስግድ አርሞን ሃናጺቭ ላይ አንድ ጠረጴዛ፣ የአማርኛ ወረቀትና የሚያስረዳ ነርስ እንዲኖር ከአሁኑ ተንቀሳቀሱ። በጾም ሰዓት ሳይሆን ከጸሎት በኋላ ይሁን፤ ጸሎቱን የሚረብሽ ነገር እኛም አንወድም።

ለመፈረም 17 ዓመት የሞላው ሰው መሆን ይበቃል። ወላጆች ሆይ፣ ቅጹ በዕብራይስጥ ከመጣላችሁ ልጆቻችሁ ያንብቡላችሁ፤ ስለ ሃይማኖት ሰው የሚለው መስመር የቱ ጋ እንዳለም በጣታቸው ያሳዩአችሁ።