«እዚህ ምንም የለም ጋሼ!»

ነገሩ የሆነው መንገዱ ደኅና በነበረበት ጊዜ ነው። ሌሊት ከአዲስ አበባ የተነሣ አውቶቡስ ለምሳ ደብረ ማርቆስ ገብቶ ቆመ። ረዳቱ በሩን በርግዶ «ምሳ ሠላሳ ደቂቃ! የዘገየ ጥለነው ነው የምንሄደው፣ በኋላ ወቀሳ የለም!» እያለ ይጮኻል። ተሳፋሪው ወደ ምግብ ቤቱ ተግተለተለ። እኔ ጥግ ይዤ ሻዬን እጠጣለሁ። ከጎኔ የተቀመጡ፣ ካሜራ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ አንድ ጎልማሳ አስተናጋጁን ጠሩና «ወንድሜ፣ ምግቡ እስኪመጣ ሮጥ ብዬ የማየው ነገር እዚህ ከተማ ይኖራል?» አሉት።

ልጁ ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰደም። «እዚህ ምንም የለም ጋሼ! ባሕር ዳር ይድረሱ እንጂ፤ ሁሉም ነገር እዚያ አለልዎት።»

ሰውየው ካሜራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ጥብሳቸውን በሉ። ሄዱ።

እናላችሁ፣ ይሄ ልጅ ተወልዶ ያደገው ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት ድንጋይ ቢወረወር በሚደርስበት ሰፈር ነው። እንዳልፈርድበት ግን እኔም ከእሱ አልሻልም። የእህቴ ልጅ ከውጭ አገር መጥቶ «አጎቴ፣ የት የት ልሂድ?» ሲለኝ፣ ሳላመነታ «ባሕር ዳር ሂድ፣ ጢስ ዓባይን እይ» ብዬ የአውቶቡስ ትኬቱን የቆረጥኩለት እኔው ነኝ። ወቅቱ በጋ ነበር። በበጋ ውሃው ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚጠለፍ፣ ልጁ ፏፏቴ ብሎ ያየው ከገደሉ ጥግ የሚንጠባጠብ ነገር ነው። ሲመለስ «አጎቴ፣ የእናንተ አገርስ?» አለኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩ መናገሩ ያሳፍረኛል። ያው አስተናጋጁ ያላትን ነው።

መቼም ይህችን «ምንም የለም» የምትባል ቃል ትሕትና የሚያደርጋት ሰው ይኖራል። ጎጃሜ በእጁ ያለውን አያወራም፣ ቤቱን ያሳንሳል ይባላል። እኔ ግን ትሕትና ነው ብዬ አልቀበልም። ትሑት ሰው ራሱን ነው ዝቅ የሚያደርገው። እኛ ዝቅ ያደረግነው አባቶቻችን ያቆሙትንና ልጆቻችን የሚወርሱትን ነው። አበው «ባለቤቱ ያቃለለውን አሞሌ ባለ ዕዳ አይቀበለውም» ይላሉ። እንግዳው ሠላሳ ደቂቃ ብቻ ቢሰጠን ምን ይገርማል? ዋጋውን የቆረጥነው እኛ ነን።

በደብረ ማርቆስ ማለፍ አዲስ ነገር አይደለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ በዚሁ በኩል ነው ወደ አዲስ አበባ ያለፉት። ሆኖም ዙፋን የሚጠብቃቸው፣ ከማንም በላይ የሚቸኩሉ ሰው ሆነው ሳለ፣ እዚህ ሳምንታት ቆይተዋል። ባሕር ዳር አሳ የሚጠብቃችሁ ሰዎች ታዲያ አንድ ሌሊት ብታድሩ ምን ይጎድልባችኋል?

እንግዲህ ለእህቴ ልጅ ያኔ ልነግረው የሚገባኝን ዛሬ ለእናንተ ልናገር።

አንደኛ፣ ጎሐ ጽዮን ስትደርሱ አትተኙ። ብዙ ሰው የዓባይን በረሃ መስኮት ላይ ተደግፎ እያንኮራፋ ነው የሚሻገረው። ደጋ ላይ ጋቢ ደርቦ የነበረ ሰው፣ ታች ድልድዩ ጋ ሲደርስ ሸሚዙን ይከፍታል፤ ደጀን ሲወጣ ደግሞ መልሶ ይቆልፋል። ታች ሁለት ድልድይ ጎን ለጎን ታያላችሁ። አንደኛው አሮጌው ነው። ሁለተኛው በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መገባደጃ የተመረቀው የኅዳሴ ድልድይ ነው። ሸዋንና ጎጃምን የለየውን ገደል አይቶ የማያውቅ ሰው፣ የጎጃምን ታሪክ ቢያነብም ግማሹ አይገባውም። ጎጃም ብዙ ጊዜ ለብቻው የኖረው ለምን እንደሆነ መልሱ እዚያ ገደል ውስጥ ነው ያለው።

ሁለተኛ፣ ከተማው። ድሮ መንቆረር ነበር የሚባለው፤ የዛሬ ስሙን ያገኘው ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። የእኚህ ሰው ታሪክ ብቻውን አንድ ቀን ያስውላል። ራስ አዳል ተሰማ ይባሉ ነበር፤ በ1873 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ የጎጃምና የከፋ ንጉሥ አድርገው አነገሷቸው። በዓመቱ፣ በ1874 ዓ.ም.፣ እምባቦ ላይ ከሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጋር ተዋግተው ተሸነፉ፤ ተማረኩም። በ1888 ዓ.ም. ደግሞ ያንኑ የማረካቸውን ሰው «ንጉሠ ነገሥቴ» ብለው የጎጃምን ጦር ይዘው ዓድዋ ዘመቱ። ተዋግቶ መታረቅ፣ ታርቆ አብሮ መዝመት እንዴት እንደሚሆን ለጠፋበት ለዛሬው ትውልድ ከዚህ የሚበልጥ ምን ማስጎብኘት ይቻላል? ለእኛ ግን «ምንም የለም» ነው።

ሦስተኛ፣ መጽሐፉ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያላነበበ እንኳ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምቷል። በዛብህን፣ ሰብለ ወንጌልን፣ ጉዱ ካሣን የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም ማለት ይቻላል። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱት እዚሁ በጎዛምን፣ እንዶር ኪዳነ ምሕረት ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከወጣ ጀምሮ አገሩ በሙሉ አልቅሶበታል። በዛብህ የተወለደባት ማንኩሳ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስትሄዱ መንገዳችሁ ላይ ናት፤ አውቶቡሱ እንኳ ፍጥነቱን አይቀንስላትም። ዲማም ከደጀን በብቸና መስመር ስትሄዱ ያላችሁ አካባቢ ነው። ሌላው ዓለም በልቦለድ ሰው ስም ቤት ይከፍታል። ለንደን ውስጥ ሸርሎክ ሆምስ ለሚባል፣ ኖሮ ለማያውቅ መርማሪ ሙዚየም አለው፤ ሰው ተሰልፎ ከፍሎ ይገባል። እኛ «በዛብህ በዚህ አለፈ» የምትል አንዲት ሰሌዳ ለመትከል ምን ያህል በጀት ይፈጅብን ይሆን?

አራተኛው ከሁሉም ይበልጥብኛል። የቅኔ ቤቱ ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ዲማ… ኢትዮጵያ ውስጥ ቅኔ ያለ ጎጃም አይወራም። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ለምኖ ይማራል። ብቻውን ጥላ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ የኔታ ያርሙታል። ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ ይወጣል። አንዴ የተባለ ቅኔ ደግሞ ለሌላ ቀን አይደገምም፤ ለየበዓሉ አዲስ ነው የሚቀርበው። ከትናንት ወዲያ የተባለው ቅኔ ዛሬ የት ነው ብትሉ መልስ የለም፤ የሰማው ሰው ልብ ውስጥ ነው። እንግዳ ሆናችሁ ከሄዳችሁ ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ አድርጉት። የኔታን አስፈቅዱ። መሬት ቁጭ በሉ። ግእዙ ባይገባችሁም ተማሪው ሲነግር፣ ጓደኞቹ ደግሞ ወርቁ ሲገለጥላቸው ፊታቸውን እዩ። ስትነሡ ለተማሪዎቹ ዳቦ ግዙ። የመግቢያ ትኬቱ እሱ ነው።

አምስተኛ፣ ጮቄ። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ነው፤ ጋቢ ያዙ። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ተምጫ፣ ብር የሚባሉት ወንዞች የሚነሡት ከዚህ ነው፤ ሁሉም መጨረሻቸው ዓባይ ነው። አስታውን፣ ጅብራውን፣ ጓሳውን ታያላችሁ። ከጎኑ ደግሞ ገብስና ድንች ሽቅብ ወጥቶ ወጥቶ ጫፉን ሊነካ ሲል ታያላችሁ። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. የጮቄን መንደር ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ አሰልፎታል። ልብ በሉልኝ! ባዕድ «ምርጥ» ያለውን ነው እኛ «ምንም የለም» የምንለው። የጮቄ አፈር በየክረምቱ ታጥቦ ወዴት እንደሚሄድ ደግሞ የታወቀ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ከታች ነው ያለው። ብር ያዋጣንለት ግድብ ደለል እንዳይበላው የሚያስብ ሰው ጥበቃውን የሚጀምረው ጉባ ላይ አይደለም፤ ጮቄ ላይ ነው።

ስለ ምግቡ ብዙ አልልም። አዲስ አበባ የእህል ወፍጮ ቤት ሄዶ «የጎጃም ጤፍ አለ?» ያላለ ማን አለ? ዕድሜውን ሙሉ የጎጃምን ጤፍ እየበላ አንድ ሌሊት ጎጃም ያላደረ ሰው ግን ሞልቷል። ጤፉን በበቀለበት አገር፣ ከምጣዱ እንደወጣ ብሉት፤ ልዩነቱን እናንተው ትነግሩኛላችሁ።

አውቃለሁ፣ አሁን የሚመጣው መልስ ምን እንደሆነ። «ሰውዬ፣ ሆቴሉስ? ውሃውስ? መጸዳጃውስ?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ ይጎድላል። ግን ሆቴል እንግዳን ተከትሎ ነው የሚመጣው፤ ለሠላሳ ደቂቃ እንግዳ ጥብስ ቤት እንጂ ሆቴል አይሠራም። ባሕር ዳርንም ጠልቼ አይደለም። ሐይቁም ገዳማቱም ሊታዩ ይገባል። የኔ ጠብ ከሐይቁ ጋር ሳይሆን ሐይቅ የሌለው አገር ሁሉ ባዶ ነው ከሚለው ሐሳብ ጋር ነው።

ከዚህ የሚከብደው ሌላው ጥያቄ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልላችን ግጭት ውስጥ ገብቶ፣ መንገደኛ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ይታያል?» ብሎ ሳይሆን «መንገዱ ተከፍቷል ወይ?» ብሎ ሆኗል። «ሰው ልጁን ትምህርት ቤት ለመላክ በተቸገረበት ጊዜ አንተ ስለ ጉብኝት ታወራለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፤ ስለዚህ ዛሬውኑ ተነሡና ኑ አልልም። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ጠይቁ፤ ደኅና ካልሆነ ቅሩ። ግን ይሄን ጽሑፍ የምጽፈው ለእንግዳው ብቻ መች ሆነና? ይበልጡን ለእኛ ነው። እንግዳ በማይመጣበት ሰሞን ቤት አይጠረግም ያለው ማን ነው? እንዲያውም ብራና የሚሸጠው፣ ጥንታዊ ግድግዳ የሚፈርሰው፣ ደን የሚመነጠረው ሰው ዓይኑን ወደ ሌላ ባዞረበት እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

የምፈራውም ይሄንኑ ነው። አለ የተባለ ነገር ሲጠፋ ይጮኻል፤ ባለቤት ይነሣል፤ ፖሊስ ይጠራል፤ ጋዜጣ ይጽፋል። የለም የተባለ ነገር ሲጠፋ ግን ምን ተብሎ ይጮኻል? ድሮም አልነበረማ! የኔታ አርጅተው ወንበሩ ባዶ ሲቀር፣ የቤተ መንግሥቱ ድንጋይ አንድ አንድ እያለ ሲወልቅ፣ የጮቄ ምንጭ ሲደርቅ «ምንም የለም» ማለታችን ያን ጊዜ እውነት ይሆናል። እስከዛሬ ውሸት ነበር።

ስለዚህ ወላጆች፣ ልጆቻችሁን መጀመሪያ እናንተ አስጎብኟቸው። መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁን ባሕር ዳር ከመውሰዳችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ ደብረ ኤልያስ ውሰዷቸው። ምግብ ቤት ያላችሁ ሰዎች፣ አስተናጋጆቻችሁን የወጡን ዝርዝር ስታስጠኗቸው የከተማውንም ታሪክ ሦስት መስመር ጨምሩላቸው።

ያ ካሜራ ያንጠለጠለ ሰው አንድ ቀን ይመለስ ይሆናል። ያኔ ልጁ «ጋሼ፣ ሠላሳ ደቂቃማ አይበቃዎትም» ቢለው እሱ ነው የኔ ደስታ።