ሁለት መንገድ፣ አንድ ገደል

በቴሌኮም ሙያ አብረን ላረጀን፣ የእንጨት ምሰሶና የመዳብ ሽቦ ዘመን ለምታስታውሱ፣ ዛሬም ከቡሬ እስከ ዳንግላ ባለው መስመር ቃላችሁ ለሚሰማ ወንድሞቼና እኅቶቼ። ይህን የምጽፈው ልወቅሳችሁ አይደለም። መስመር ሲበጠስ አገር እንዴት እንደሚጨነቅ ደጋግሜ ስላየሁ፣ በየስብሰባው «ባክአፕ አለን» ተብሎ በአንድ ቃል ሲታለፍ ልቤ ስለሚፈራ ነው።

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ በመራዊ፣ በዳንግላ፣ በእንጅባራና በቡሬ አድርጎ ደብረ ማርቆስ ይደርሳል፤ ሌላው በአዴት፣ በሞጣና በቢቸና ይዞራል። ጮቄን የሚያህል ተራራ በመካከላቸው ስለቆመ፣ ካርታውን ላየ ሰው አንዱ ቢዘጋ ሌላው የሚተርፍ ይመስለዋል። ደጀን ላይ ግን ይገናኛሉ፤ ተገናኝተውም በአንድ ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ መሬቱ በሚንሸራተትበት ገደል፣ ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። አሮጌው ድልድይና በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተከፈተው የህዳሴ ድልድይ ጎን ለጎን ቢቆሙም ገደሉ አንድ ነው። ፋይበር የአስፋልቱን ዳር ተከትሎ መቀበሩ ልማድ በሆነበት አገር፣ ትራፊኩ የሚያልፍበትን ዋናውን መስመር፣ ማለትም ታነሉን፣ በማርቆስ፣ ተጠባባቂውን በሞጣ ያሳለፈ ሰው ሁለት መንገድ ያለው እየመሰለው በአንድ መንገድ ሊያድር ይችላል።

ራውተር ገደል አያይም። የሚያየው ሁለት ካርድና ሁለት ሊንክ ነው፤ መንገዱን ራሱ እንዲያሰላ ከተተወ የሊንኩን ሜትሪክና የቀረውን ባንድዊድዝ መዝኖ ይመርጣል እንጂ፣ ሁለቱ ገመዶች በአንድ ቦይ መተኛታቸውን ሰው ካልነገረው አያውቅም። አብረው የሚበጠሱ ሊንኮችን በአንድ የጋራ አደጋ ቁጥር የማሰር ዘዴ የመጣውም ለዚህ ነው። ቁጥሩን ግን በትክክል የሚሰጠው ቦዩ የት እንደተቆፈረ የሚያውቅ ነው፤ ያን ደግሞ የምናውቀው፣ አፈሩ ሲመለስበት ቆመን ያየን፣ እኛ ነን። ጡረታችን ደርሶ ስንሄድ፣ ወጣቶቹ ስክሪን ላይ ከሚያዩት ሥዕል በቀር ምን ትተንላቸው እንሄዳለን?

ፋስት ሪሩት የሚባለው ደንብ በ1997 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ፣ ጉዳቱ አጠገብ ያለው ራውተር የመነሻውን ራውተር ሳይጠብቅ ትራፊኩን በ50 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ወደ ባክአፑ ማዞር ይችላል። ይችላል ማለት ግን ያደርጋል ማለት አይደለም። ዋናው ታነል ጥበቃ እንዲጠይቅ ካልታዘዘ፣ በሚጠበቀውም ሊንክ ላይ ባክአፑ አስቀድሞ ካልታሰረ፣ መሣሪያው ምንም ያህል ውድ ቢሆን አይታደግም። ከቡሬ ተነሥቶ እንጅባራ የሚያርፍ ባክአፕ ለተበጠሰ ፋይበር ይበጃል እንበል፤ መብራት ጠፍቶ፣ ባትሪው አልቆ፣ የእንጅባራው ራውተር ራሱ ቢወድቅ ግን ማረፊያው የለም። ለዚያ እንጅባራን ሳይነካ ዳንግላ ላይ የሚያርፍ ሌላ ያስፈልጋል። ባንድዊድዝ ሳይያዝለት የተዘረጋው ባክአፕ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያሳዝነኛል፤ ዘወትር ዝግጁ ነኝ ይላል፣ የሥራው ቀን ሲመጣ ግን በጠባብ ሊንክ ላይ ሁሉን አጨናንቆ ያፍናል።

ሁለት መንገድ አብሮ መውደቁ በእኛ ብቻ የሚደርስ አይደለም። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የቀይ ባሕር ኬብሎች ተጎድተው ሳለ፣ ግንቦት 4 ቀን በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ የሚያልፉት ኢሲና ሲኮም የተባሉት የባሕር ውስጥ ኬብሎች በአንድ ቀን ተበጠሱ፤ ከኬንያ እስከ ሞዛምቢክ ያለው ሕዝብ ኢንተርኔቱ ሲደክም አየ። የተለያየ ስምና የተለያዩ ባለቤቶች ያሏቸው ኬብሎች በአንድ ቀን አብረው ወደቁ።

በዚህ ቸልታ ከቀጠልን የሚመጣው ይታየኛል። ዝናቡ አፈሩን ይሸረሽራል ወይም የመንገድ ሥራ ኤክስካቫተር ቦዩን ይመታል፤ የዳንግላ ነጋዴ በሞባይል የላከው ገንዘብ ደረሰ አልደረሰ ሳያውቅ ይቆማል፣ የባንኩ ቅርንጫፍ «ሲስተም የለም» ብሎ ሰልፈኛውን ይመልሳል፣ የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ምዝገባው ያልፈዋል። ያን ጊዜ ባክአፕ ነበረን ብንል ማን ያምነናል?

ገና ጊዜ አለ። ወጣቶቹን ይዛችሁ ካርታውን ዘርጉ፤ የትኛው ገመድ ከየትኛው ጋር በአንድ ቦይ እንደተኛ ንገሯቸው፣ በጽሑፍም ይያዝ። ከዚያ ሰኔ ሳይገባ፣ ደንበኞችን አስቀድማችሁ አሳውቃችሁ፣ በአንድ ሌሊት ዋናውን ሊንክ በገዛ እጃችሁ ዝጉትና ትራፊኩ በየት እንደሚሄድ ተመልከቱ።