ድኗል ለማለት ስንት ዓመት ይበቃል?





የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ወደ ሽንፋና ወደ መተማ ከደጋው የሚወርደው ሳሉግ ብዙ ነው። ከመካከላቸው አንዱ አእምሮው ቢታወክና ዕድል ቀንቶት ጎንደር ሐኪም ቤት ቢደርስ፣ መድኃኒት ተሰጥቶት ሲረጋጋ ይሸኛል፤ በካርዱም ላይ «ተሽሎታል» ይባላል። ከዚያ በኋላ ወደ ሥራው ይመለስ፣ ጸበል ይግባ፣ በሰንሰለት ይታሰር፣ ወይም ይሙት ካርዱ አያውቅም።

እኔ መምህር ነኝ። መስከረም ላይ የተመዘገቡትን ትቼ፣ ሰኔ ላይ ለፈተና የተቀመጡትን ብቻ ቆጥሬ «ተማሪዎቼ ሁሉ አለፉ» ብል ማን ያምነኛል? ተመልሶ የመጣውን ሕመምተኛ ብቻ የሚቆጥር መዝገብም ከዚህ አይለይም።

አገራችን በዚህ ረገድ መልካም ምሳሌ አላት። በቡታጅራ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ቤት ለቤት እንዲጠየቁ አድርገው፣ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለይተው፣ 919ኙን ዐሥር ዓመት ያህል ተከታተሏቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ውጤት እንደሚያስረዳው 121ዱ ሞተዋል፤ ይህም ከአካባቢው ሕዝብ ሞት እጥፍ ሲሆን፣ ሟቾቹ ሠላሳ ዓመት ያህል ዕድሜ ጎድሎባቸዋል። ግማሽ ያህሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነው። የአእምሮን መረጋጋት ብቻ የሚለካ ሐኪም ይህን ከየት ያገኘዋል? ወባና ካላዛር ላለበት ለኛ ቆላማ አገርማ ነገሩ የባሰ ያሳስባል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በዘጠኝ አገሮች የጀመረው ጥናት፣ እንደ ናይጄሪያዋ ኢባዳን ባሉ ድኻ አገሮች ሕመምተኛው ከሀብታሞቹ አገሮች ይልቅ ይሻለዋል የሚል ተስፋ ሰጥቶ ነበር። ቤተ ዘመድ ይጦራል፣ እርሻው ይቀበላል ተባለ። ደስ የሚል አሳብ ነው፤ ነገር ግን በቡታጅራ ስኪዞፍሬንያ ከያዛቸው መካከል ከሦስት ዓመት በላይ በተደረገው ክትትል ሙሉ ጤና ሳይለያቸው የቆዩት ከመቶ ስድስት እንኳ አይሞሉም። በዘመድ አዛኝነት ተማምነን መቁጠሩን መተው አይገባንም።

የበጀት ሹም «ይህን ሁሉ ማን ይከታተላል?» ማለቱ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2022 ከቡታጅራ አካባቢ የወጣው ጥናት፣ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ሠልጥነው የሰጡት ሕክምና የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከሚሰጡት እንደማያንስ አሳይቷል። እንግዲያው ለቤቱ የቀረበው ሠራተኛ ያክመው፤ በየዓመቱም በሕይወት አለ ወይ፣ ይሠራል ወይ፣ ታስሯል ወይ ብሎ በአንድ መስመር ይጻፍ። ሳሉግ አይቀመጥምና፣ መጀመሪያ ሲታከም የትውልድ ወረዳውና የአንድ ዘመዱ ስልክ ይያዝ፤ ሲመለስም ደብዳቤው ወደ አገሩ ጤና ጣቢያ ይላክ። ለዚህ የሚያስፈልገው መዝገብና የሚጠይቅ ሰው ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በየቀበሌው አሉ።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር
ከሽንፋ