የፊት ጎማ የማይሸከመው ጉልበት

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የኮሮላ ባለቤት «ጉልበት አነሳት» ብሎ ጋራዥ ሲገባ የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ የአየር ፊልትሮውን አውጥቶ ክፍት ፊልትሮ መግጠም፣ ማርሚታውን መቀየር፣ የጭስ ማጣሪያውን ማስቆረጥ፣ ገንዘብ ከተገኘም ቱርቦ ማስገባት። ከምክሩ ሥር ያለው እምነት መኪና የሚሻሻለው ሞተሩ ሲበረታ ነው የሚል ነው። የፊት ጎማ ለሚጎትታቸው የጃፓን የቤት መኪኖች ይህ እምነት የተሳሳተ ብቻ ሳይሆን አደገኛም ነው። እነዚህ መኪኖች ከሞተር ጉልበት በፊት የሚያንሳቸው ሌላ ነገር ነው።

በእርግጥ ጉልበት ማነሱ የባለቤቶቹ ቅዠት አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ስለሚሳሳ፣ ፋብሪካው 110 የፈረስ ጉልበት ያለለት 1.5 ሊትር ሞተር እዚህ ከ85 ብዙም አይርቅም። ሆኖም ክፍት ፊልትሮ የከተማዋን አየር አያወፍርም። የፋብሪካው ፊልትሮ አየር የሚስበው ከሞተሩ ክፍል ውጭ ካለ ቀዝቃዛ ቦታ ነው፤ ክፍቱ ፊልትሮ ግን ብዙውን ጊዜ ኮፈኑ ሥር ተጋልጦ ስለሚቀመጥ ሞተሩ ያሞቀውን አየር ይስባል። የአየር ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ክብደቱ በ3 በመቶ ገደማ ስለሚቀንስ፣ ጉልበት ይጨምራል የተባለው ዕቃ ያለውንም ይቀንሳል። በበጋ ደግሞ የከተማችን አቧራ አለ፤ ወንፊቱ ከሰፋ አቧራው ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ፋሻውን ይበላል። የማርሚታው ነገር ከዚህም ይብሳል፤ ድምፁ ስለጎላ ጆሮ ፍጥነት የጨመረ ይመስለዋል። ማጣሪያው የተቆረጠበት መኪና የሚተፋው ካርቦን ሞኖክሳይድም ታክሲ ወረፋ ላይ የቆመው ሰው ሳንባ ውስጥ ይገባል።

አንድ ባለሙያ እውነተኛ ጉልበት ጨመረ እንበል። ዋናው ችግር የሚመጣው ያኔ ነው። የፊት ጎማዎቹ መኪናዋን ይጎትታሉ፣ ያጥፏታልም። ጎማ አስፋልት የመያዝ አቅሙ ውሱን ስለሆነ ለመጎተት የዋለው ለመታጠፍ አይተርፍም። መኪና በኃይል ሲነሳ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የፊት ጎማዎቹ አጥብቀው መያዝ በሚገባቸው ሰዓት ይቀልላሉ። ሞተሩ በአግድም፣ ካምቢዮው በአንድ ጎኑ ስለሚቀመጡ ወደ ጎማዎቹ የሚሄዱት ዘንጎች ርዝመታቸው እኩል ሳይሆን ይቀራል፤ ነዳጅ ሲረገጥም መሪው ወደ አንድ ወገን ይስባል። ተራው ዲፈረንሻል ደግሞ አንዱ ጎማ በእርጥብ መንገድ ላይ ከተንሸራተተ ሌላውም ጉልበት እንዳያገኝ ያደርጋል። ይህ ለጋራዥ ሥራ ብቻ የሚነሳ ሐሜት አይደለም። እ.ኤ.አ. የ2002 ሞዴል የሆነችው 240 የፈረስ ጉልበት ያላት ኒሳን አልቲማ በዚሁ የመሪ መሳብ ተተችታለች፤ እሷን የሠራት ፋብሪካ ነው።

የጉልበት ወዳጆች ሆንዳ ሲቪክ ታይፕ አርን ጠቅሰው ይከራከራሉ። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በጃፓን የወጣችው ባለአራት በር ታይፕ አር ያለ ቱርቦ ከ2 ሊትር ሞተር 225 የፈረስ ጉልበት አውጥታ በፊት ጎማ ትነዳ ነበር። ነገር ግን ሆንዳ ሞተሩን ብቻ አልነካም፤ መንሸራተትን የሚገታ ዲፈረንሻል፣ የብሬምቦ ፍሬን፣ ጠንካራ ሱስፔንሽንና ሰፋ ያለ ጎማ አብሮ ሰጣት። ምሳሌው የሚመሰክረው ለእኔ ነው። ጠንከር ያለው መቃወሚያ ሌላ ነው፦ ቱርቦ ቢያንስ ከፍታው የነጠቀንን ይመልሳል፣ መኪናዋም ያንን ጉልበት እንድትሸከም ተሠርታለች ይላሉ። በመርህ ደረጃ ልክ ነው። ችግሩ የኮሮላ ሞተሮች የሚያምቁበት መጠን 10 ለ1 ገደማ መሆኑ ነው። በዚህ ላይ የታመቀ ትኩስ አየር ሲጨመርበት ነዳጁ ያለ ጊዜው ይፈነዳል፣ ፒስቶኑም ይሰነጠቃል። ያንን ለማስቀረት ወደ ሞተሩ የሚገባው የታመቀ አየር ማቀዝቀዣ፣ የነዳጅ መርጫና የሞተሩን ኮምፒውተር እንደገና ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ርካሹ ሥራ የሚዘለው ደግሞ እነዚህኑ ነው። መንግሥት ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የአንድ ቤተሰብ ጥሪት የሆነን ሞተር እንዲህ ለሙከራ ማቅረብ ከባድ ጥፋት ነው።

«ገንዘቡም መኪናውም የእኔ ነው» የሚለው መልስ መንገዱን ይረሳል። ከፍታው ሞተሩን ቢያደክምም የመኪናዋን ክብደት አይቀንስም፤ እንዲያውም የሳሳው አየር ፍሬኑን በደንብ አያቀዘቅዘውም። ፍጥነት ከ60 ወደ 90 ሲያድግ ፍሬኑ ወደ ሙቀት መለወጥ ያለበት ኃይል ከሁለት እጥፍ ይበልጣል። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የሚወርድ ሰው የሚተማመነው በፍሬን ሸራው፣ በፍሬን ዘይቱና በጎማው ነው። ለቱርቦ የተመደበው ገንዘብ መጀመሪያ ለእነዚህና ለደከሙት አሞርዛተሮች ይዋል፤ ቀጥሎ ካንዴላው፣ ፊልትሮውና የነዳጅ መርጫው ይታዩ። ብዙ ጊዜ «ጉልበት አነሳት» የተባለችው መኪና ከፋብሪካ ከወጣችበት አቅም ያጣችው እዚያ ነው፤ ያም የሚመለሰው በተራ ጥገና ነው።