«ሥራ ፍጠሩ» ማለት ቀላል ነው

ዛሬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ትናንት ከሳቢያን ወደ ከዚራ የወሰደኝ የባጃጅ ሹፌር ስወርድ «ቲቸር፣ ኧረ ሂሳቡ ይቅር» አለኝ። ፊቱን ሲያዞር አወቅኩት። ኬሚስትሪ ያስተማርኩት ልጅ ነው። በኢንጂነሪንግ ተመርቋል፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፏል። የመመረቂያ ሥራው ለሻይ ቤትና ለቁርስ ቤት የሚሆን፣ የውሃችንን ካልሲየም የሚቀንስ ማጣሪያ ነበር። ለድሬ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ሁላችንም ስንፍቅ ነው ያደግነው። ጥሩ ውጤት ሰጡት። ወረቀቱ ተጠረዘ፣ መደርደሪያ ላይ ወጣ፣ አለቀ።

ባጃጅ መንዳት ነውር አይደለም። እኔን ያናደደኝ ከመመረቁ በፊት የሰጡት ሥልጠና ነው። ሁለት ቀን፣ ባነር፣ የታሸገ ውሃ፣ ሰርተፍኬት። «ሥራ ፈጣሪ እንጂ ሥራ ጠባቂ አትሁኑ!» የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሆነ አልናገርም። ብቻ በሁለቱ ቀን ውስጥ አንድ አሠልጣኝ እንኳ «አንተስ ምን ሠርተሃል? እስቲ አሳየን» አላለውም። ከዚያ ልጁ ሥራ ሲያጣ ጥፋቱ የራሱ ሆነ። ፈጣሪ ሁን ተብሎ የለ!

ኢንተርፕርነርሺፕ እኮ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሁሉ የሚወስደው ኮርስ ነው። ትርጉሙን ይሸመድዳሉ፣ ይፈተናሉ፣ ይረሱታል። ማኅበራዊ ንግድ የሚባለውማ አንድ ምዕራፍ ካገኘ ዕድለኛ ነው። ቃሉ የፈረንጅ ስለሚመስል ነገሩም የፈረንጅ ይመስላቸዋል። አቦ፣ የሰፈራችሁን እድር እዩ! ድንኳንና ድስት ይገዛል፣ ለሠርግ ያከራያል፣ ገቢው ለሐዘንተኛ ይውላል። ይሄ ማኅበራዊ ንግድ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

በ2013 ያረፉት አበበች ጎበና በ1972 ለግሸን ማርያም ሄደው ወሎ ላይ ረሃብ አዩ፣ ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ደረሱ። ከቤታቸው ወጥተው ቆሎና እንጀራ እየሸጡ ነው ያሳደጓቸው። መጀመሪያ ፕሮፖዛል አልጻፉም። ፍረወይኒ መብራህቱ ደግሞ የተማረችው ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ነው፤ ከአሜሪካ ተመልሳ መቀሌ ላይ ታጥቦ ደግሞ የሚያገለግል የንጽሕና መጠበቂያ የሚያመርት ፋብሪካ ከፈተች። ሴት ተማሪ በወር አበባዋ ምክንያት ከክፍል እንዳትቀር ነው። እኔ ክፍል ውስጥ የማየውን ባዶ ወንበር እሷ ሥራ አደረገችው። በ2012 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተባለች። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የዓለም የማኅበራዊ ንግድ ጉባኤ አዲስ አበባ ተካሄደ። እንግዶቹ ቡና ጠጥተው ሄዱ፤ የእኛ ግቢዎች ግን ከባነር አልወጡም።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይሄን ስነግረው ሳቀብኝ። «የራበው ምሩቅ መጀመሪያ ራሱን ያውጣ፣ ማኅበረሰቡን ኋላ ያስብ» አለኝ። ግማሹ ልክ ነው። ሁሉም ነጋዴ አይሆንም፤ ነርስ መቀጠር አለባት፣ አስተማሪም መቀጠር አለበት፣ መንግሥት ከዚህ ግዴታ በ«ሥራ ፍጠሩ» አያመልጥም። ሌላው ግማሽ ግን ስህተት ነው። ያለ ካፒታል የተመረቀ ልጅ ታይዋን ገብቶ ዕቃ በጅምላ ከሚያወርድ ነጋዴ ጋር በዋጋ አይወዳደርም። በእጁ ያለው ሀብት የሰፈሩን ችግር ማወቁ ነው። ደቻቱ አሸዋ ላይ የተበተነውን ሃይላንድ፣ የሚደፈነውን ቧንቧ፣ በሙቀት ከሰዓት በፊት የሚጠወልገውን አትክልት ያውቃል። ገንዘብ ያለው ሰው ችግሩን ከፍሎ ያልፈዋል፤ ድሃው ነው መፍትሔውን በርካሽ የሚፈልገው፤ ድሃው ደግሞ ብዙ ነው።

እና ምን ይደረግ? የባነሩና የአበሉ ብር ለጥቂት ቡድኖች ይሰጥ፣ ቢከስርም የማይጠየቁበት ይሁን። ያለ ቤት ኪራይ ውል ንግድ ፈቃድ ማውጣት መከራ ነው፣ ባንክ ደግሞ መያዣ አምጣ ይላል፤ ስለዚህ ግቢው ለአንድ ዓመት አድራሻና ላብራቶሪ ያበድራቸው። ከሁሉ በላይ ግን የመመረቂያ ሥራ ከሚጠቀምበት ሰው ፊት ሳይቀርብ ውጤት አይሰጠው። የዚያን ልጅ ማጣሪያ የሻይ ቤት ባለቤት ፊት አቅርበውት ቢሆን «ውድ ነው፣ ከፍ ይላል፣ እዚህ ጋ አይገባም» ትለው ነበር። ያ ከሦስት ፕሮፌሰር አስተያየት ይበልጥ ይጠቅመው ነበር።

አዋጅ 1113/2011 እኮ ድርጅቶች ነግደው ገቢውን ለዓላማቸው እንዲያውሉ ፈቅዷል። ሕግ የለም የሚባለው ሰበብ ሁልጊዜ አይሠራም።

ልጁ ቅዳሜ ወረቀቱን ያመጣልኛል። ሻይ ቤት ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ማጣሪያውን አንድ ወር የሚያስሞክረን ካለ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ብየዳ የምትችሉም እንደዚያው። ዩኒቨርሲቲ የምታስተምሩ ጓደኞቼ ደግሞ ተቆጥታችሁ ከሆነ ኑና ተከራከሩኝ፣ ሻይ በኔ።

ሂሳቡን ግን ከፍያለሁ፣ በግድ።