ከቻይና የመጣው የዓይን ድርቀት ክኒን፦ ልጀምረው ወይስ ይቅርብኝ?



በቅርቡ አንዲት እናት ዓይናቸውን እየቆረቆራቸው መጡ። «አሸዋ የገባበት ነው የሚመስለኝ፤ ደግሞ ንፋስ ሲነካኝ እንባዬ ዝም ብሎ ይወርዳል» አሉኝ። ምርመራውን ጨርሼ መድኃኒት ልጽፍ ስል ከቦርሳቸው ትንሽ ጠርሙስ አወጡ። ውስጡ ጥቁር ድብልብል ክኒን፣ ላዩ ላይ የቻይንኛ ጽሑፍ። የላከላቸው ቻይና የሚማረው ልጃቸው ነው።

«ዶክተር ልጄ፣ ይሄን ልጀምር? ቅጠል ነው፣ ምንም አይጎዳም ብሎኛል።»

በኢንቦክስም ይሄው ጥያቄ ይመጣል። ስለዚህ ዛሬ የራሴን አቋም በግልጽ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር። «ዓይኔ እያለቀሰ እንዴት ደረቀ ይባላል?» ትሉ ይሆናል። እንባ ውሃ ብቻ አይደለም። ዓይን ላይ የሚያጣብቀው ንፍጥ መሰል ነገር አለው፣ ውሃ አለው፣ ከላይ ደግሞ ውሃው እንዳይተን የሚሸፍነው ስስ ቅባት አለው። ቅባቱን የሚያመርቱት የዓይን ቆብ ጠርዝ ላይ ያሉ ጥቃቅን ዕጢዎች ናቸው። እነሱ ሲደፈኑ እንባው ቶሎ ይተናል፣ ዓይን ይቆጣል፣ ተቆጥቶም ውሃ ያፈሳል። ስልክና ኮምፒውተር ላይ ስናፈጥ ደግሞ የምናርገበግበው በጣም ስለሚቀንስ ነገሩ ይብሳል።

የቻይና ባህላዊ ሕክምና ይህን የሚያየው በሌላ መንገድ ነው። በእነሱ ትምህርት ጉበትና ዓይን የተያያዙ ናቸው፤ ዓይን የሚደርቀውም ብዙ ጊዜ የጉበትና የኩላሊት «ዪን»፣ ማለትም የሚያቀዘቅዝና የሚያርስ ኃይል፣ ሲያንስ ነው ይላሉ። (ይህ በላብራቶሪ የምንለካው ጉበት አይደለም፤ ስለዚህ «ጉበቴ ታሟል» ብላችሁ አትደንግጡ።) ለዚህ በጣም የታወቀው መድኃኒት «ቺ ጁ ዲ ኋንግ ዋን» ይባላል። መሠረቱ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በታተመ የቺየን ዪ የሕፃናት ሕክምና መጽሐፍ ውስጥ ያለ የስድስት ዕፅ ቅመማ ነው። በኋላ ሁለት ተጨመሩበት፦ የክሪሳንተመም አበባ (ከአደይ አበባችን ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው) እና ጎጂ ቤሪ የሚባለው ቀይ ፍሬ። አዎ፣ ስሙ «ጎጂ» ነው፤ ወደሱ እመለሳለሁ 😄

ታዲያ ይሠራል? ጥናቶች አሉ፣ ብዙዎቹም ጥሩ ውጤት ያሳያሉ። ችግሩ አብዛኞቹ ትንንሽ መሆናቸው ነው፤ በብዙዎቹም ታካሚው የትኛውን እንደሚወስድ ያውቃል። በዓይን ድርቀት ላይ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ለምን? እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት 535 ታካሚዎችን ለአንድ ዓመት ተከታተለ። አብዛኞቹ የዓሣ ዘይት ክኒን፣ ሌሎቹ ለማወዳደሪያ የወይራ ዘይት ክኒን ወሰዱ፤ ማን ምን እንደሚወስድ አልተነገራቸውም። የዓሣ ዘይት ከወሰዱት 61 በመቶ፣ የወይራ ዘይት ከወሰዱት ደግሞ 54 በመቶ በደንብ ተሻላቸው። ልዩነቱ የዓሣ ዘይቱ ነው የሚያሰኝ አልነበረም። የዓይን ድርቀት ከፍ ዝቅ የሚል ሕመም ነው፤ በጣም ሲብስብን መድኃኒት እንጀምራለን፣ በራሱ ጊዜ ሲቀል ምስጋናውን ለክኒኑ እንሰጣለን። ስለዚህ «ወስጄው ተሻለኝ» ውሸት አይደለም፤ ግን ማስረጃም አይደለም።

«አንተ የዘመናዊ ሕክምና ሰው ስለሆንክ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም! ለወባ የምንሰጠው ኮአርተም ከየት መጣ? ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ ከ4ኛው ክፍለ ዘመን መጽሐፍ ፍንጭ አግኝታ ከአንድ ቅጠል ካወጣችው አርቴሚሲኒን ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት አግኝታበታለች። ግን ቅጠሉ ጥንታዊ ስለሆነ ብቻ ተቀባይነት አላገኘም። ተነጠረ፣ ተለካ፣ በሰው ላይ ተፈተነ። የዓይን ድርቀት ዕፆችም ይህን ፈተና ይለፉ፤ እኔ ራሴ አዛቸዋለሁ።

አሁን ወደ «ጎጂ»። እኚህ እናት የልብ ቫልቭ ቀይረው ዋርፋሪን የሚባል ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ። ጎጂ ቤሪ የዋርፋሪንን ጉልበት ሊጨምር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2001 የተዘገበች አንዲት የ61 ዓመት ሴት ደሟ በዋርፋሪን ተስተካክሎ፣ አይኤንአሯ ከ2 እስከ 3 መካከል ነበር። የጎጂ ሻይ ስትጠጣ ወደ 4.1 ወጣ፤ ስታቆም ተመለሰ። አይኤንአር ከልክ ካለፈ በአንጎል ውስጥ እንኳ ደም ሊፈስ ይችላል። «ቅጠል ነው፣ ምንም አይጎዳም» የሚለው ቃል እዚህ ጋ ሰው ይገድላል።

ሌላም አለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጂየም ውስጥ ለክብደት መቀነሻ በተሰጠ ክኒን አንዱ የቻይና ዕፅ በሌላ መርዛማ ዕፅ ተተክቶ ከ100 በላይ ሰዎች ኩላሊታቸው ተጎድቷል። ጥፋቱ የዕፅ መምታታት ነበር፤ በዓይን የሚለይ ግን አልነበረም።

በዚያ ላይ የቻይና ባህላዊ ሐኪሞችም ምላስ አይተው፣ የልብ ምት ዳስሰው ነው የሚያዙት። ሳይታዩ በፖስታ የሚመጣ ክኒን በእነሱም ሕግ ልክ አይደለም።

እንግዲህ ምክሬ ይሄ ነው፦

👉 መጀመሪያ ዓይናችሁን ተመርመሩ። አፋችሁም ከደረቀና መገጣጠሚያችሁን ካመማችሁ ለሐኪሙ ንገሩት፤ የሌላ በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል። የአለርጂና የድብርት መድኃኒቶችም ዓይን ያደርቃሉ።

👉 ሞቅ ባለ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ በተጨፈነ ዓይን ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያዙ፤ ከዚያ የቆቡን ጠርዝ በቀስታ አጽዱ። በየቀኑ!

👉 አርቲፊሻል እንባ ተጠቀሙ። በቀን ከ4 ጊዜ በላይ የምትጨምሩ ከሆነ ማቆያ ኬሚካል የሌለበትን ጠይቁ።

👉 ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ (ለምሳሌ ዴክሳሜታዞን) ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትግዙ። የዓይን ግፊት ይጨምራል።

👉 ቤት የተፈላ ቅጠል፣ የቻይናም ይሁን የኛ፣ ዓይን ውስጥ አትጨምሩ።

👉 ብርቱ ሕመም፣ ብርሃን መፍራት ወይም የእይታ መቀነስ ካለ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ነፍሰ ጡር ያልሆነ፣ ሌላ መድኃኒት የማይወስድ፣ የጀመረውን ሕክምና ሳያቋርጥ ምን እንደያዘ የታወቀ ዕፅ ልሞክር የሚል ሰው ቢመጣ አልጣላውም። አትደብቁኝ ብቻ ነው የምለው። ብዙ ሰው ሐኪም ይቆጣኛል ብሎ ይደብቃል። ጥፋቱ የኛም ነው፤ ስለምንቆጣ።

እኚያ እናት በመጨረሻ «ታዲያ ልጄን ምን ልበለው?» አሉኝ። «ፍቅሩን ይቀበሉ፣ ክኒኑን ግን አይጀምሩት፤ ምክንያቱንም ይንገሩት» አልኳቸው። ጠርሙሱን ወደ ቦርሳቸው መልሰው ሳቁ።

ከውጭ ዕፅ የሚላክላቸው ወላጆች ካሏችሁ ይህን ሼር አድርጉላቸው። በተለይ ዋርፋሪን ለሚወስዱት።